የጳጉሜን ሽያጭ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች ይዘናል። ሦስቱም ድሮ የተሠራ፣ እስካሁን እንጀራ የሚያበላ፣ ግን ዕድሜው የገፋ የዌብ ሲስተም ምን ይደረግ የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነገር ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቦታ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በ2003 ዓ.ም. ባለቤቴ በሕይወት እያለ አንድ ልጅ አስጠርቶ የሽያጭና የዱቤ መመዝገቢያ አሠራልን። በብራውዘር ነው የሚከፈተው። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው፣ ስልኩም አይሠራም። ሲስተሙ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አምስት ሠራተኛ በየቀኑ ይጠቀምበታል። ችግሩ ብዙ ነው። በስልክ ስከፍተው ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። የአንዳንድ ደንበኛ ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል። ጳጉሜን ውስጥ የሸጥነውን እንመዘግባለን፣ ሪፖርት ላይ ግን አይወጣም፤ ስለዚህ በደብተርም እንይዛለን። አሁን ደግሞ ሰርቨር የምንከራየው ድርጅት ሲስተሙ የተጻፈበትን ፒኤችፒ የሚባል ቋንቋ የድሮውን እትም ከሁለት ወር በኋላ እንደሚያጠፋ ጻፈልን። አንድ ወጣት ባለሙያ አየውና «እማማ፣ ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ተጥሎ ከዜሮ ይሠራ» አለኝ። የሚያስፈራኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የስንት ዓመት ሒሳብ ነው። ምን ይመክሩኛል?
የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እትዬ፣ አይጣሉት። የፈሩት ነገር እውነት ነው።

«ተጥሎ ከዜሮ ይሠራ» ያለዎት ወጣት ክፉ አስቦ አይደለም። የሰው ኮድ ማንበብ ያደክማል፣ የራስን መጻፍ ደስ ይላል። ስለዚህ ያረጀ ሲስተም የሚያይ ዴቨሎፐር ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ከዜሮ» ነው። ይሄ ሐሳብ ግን ትልልቆቹንም ጎድቷል። ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ነበር፤ ለብዙ ሰው ኢንተርኔት ማለት እሱ ነበር። አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ከዚያ ኮዱን ትተው እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። ቀጣዩ፣ ስድስተኛ ብለው የሰየሙት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ነው። አምስተኛ የሚባል አልወጣም። እነሱ ሲጽፉ ተጠቃሚው ወደ ማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ወደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሄደ፣ ሄዶም ቀረ።

የእርስዎም ሱቅ ለዚህ አይነት ጊዜ የለውም። ደግሞ ያ ኮድ ውስጥ ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለልጁ የነገሩት ሁሉ ተቀምጧል። ከዚራ አካባቢ ላለ አንድ መጋዘን የድሮ ሲስተም ስናድስ አንድ ያልገባን መስመር አገኘን። ዱቤው ቅዳሜ ካለቀ ቀኑን በሁለት ወደፊት ይገፋዋል። ስህተት መስሎን ልናጠፋው ነበር። ገንዘብ ያዧን ስንጠይቃት «እሁድ ዝግ ነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ገንዘብ ይዞ የሚመጣ የገጠር ደንበኛ የለም፣ ሰኞ ነው የምንጠይቃቸው፣ ጋሼ ናቸው ድሮ እንደዚያ ያስደረጉት» አለችን። ይሄን ማንም በወረቀት አልጻፈውም። የነበረው እዚያች አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ከዜሮ ቢሠራ ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው እሱ ነበር።

እንዳለ ይቀመጥ ማለቴ ግን አይደለም። አከራይዎ ልክ ነው። በ2003 የተሠራ ሲስተም የተጻፈው በፒኤችፒ 5 ነው። የዚያ ትውልድ የመጨረሻው፣ 5.6 የሚባለው፣ የደኅንነት ጥገናው የቆመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። ደንበኞችዎ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የዱቤ መጠናቸውን ለእርስዎ አደራ ሰጥተዋል። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አደራው የሕግም ሆኗል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግልባጭ ይወሰድ። ኮዱም፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዙም። ባካፕ አለን ለሚለኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሳችሁ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ? በየሌሊቱ ባካፕ ሲያደርግ የኖረ፣ በተፈለገ ቀን ሲከፈት ግን ፋይሉ ባዶ የሆነ ሲስተም በዓይኔ አይቻለሁ። ዲስኩ ሞልቶ ነበር፣ ማንም አላየም። ባለሙያዎ ግልባጩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስነሳው። እርስዎ ራስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው የሚያውቁትን የአንድ ደንበኛ ዱቤ ያስከፍቱት። ቁጥሩ ከደብተርዎ ጋር ከገጠመ ባካፕ አለ ይባላል። አንዱን ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ቤት ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ ጳጉሜን እንምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ በጣም የያዘኝ እሱ ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ለዳታቤዙ ሲነገረው «2016-13-03» ሆኖ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፣ 13ኛ ወር የለውም። ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ማይኤስኪውኤል የሚባል ሶፍትዌር ነው፤ የድሮው እንዲህ ያለ ቀን ሲሰጠው አይጮህም፤ ቀኑን በሙሉ በዜሮ ሞልቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ሽያጩ ገብቷል፣ ቀን ግን የለውም። ከሪፖርቱ የቀረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። የጥቅምት 30 ሽያጭስ? ጥቅምት 2ኛ ወር ነው። የፈረንጁ 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ያለው 28 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29። ስለዚህ ጥቅምት 30 በየዓመቱ ይጠፋል፤ ጥቅምት 29 ደግሞ ከአራት ዓመት በሦስቱ። ጳጉሜን ሙሉውን ስለሚጎድል ዓይን ውስጥ ይገባል። ጥቅምትን ግን ማን ይቆጥረዋል? በደብተርም አልያዛችሁት ይሆናል። የዓመቱ ድምር ከባንኩ ጋር አልገጥም ያለበት ጊዜ ካለ መጀመሪያ እዚያ ይፈለግ።

ደስ የሚለው ነገር ይሄ የሚመለስ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ተከታታይ ቁጥር አለው። ቀኑ ዜሮ የሆነ ሽያጭ ቁጥሩ በነሐሴ 30 እና በመስከረም 1 መካከል ከወደቀ ጳጉሜን ነው፤ በጥቅምት 28 እና በኅዳር 1 መካከል ከሆነ ደግሞ ጥቅምት ነው። ትክክለኛውን ቀን ደብተርዎና የደረሰኝ ቀሪዎ ይነግራችኋል። ይሄ ሥራ ዳታው ወደ አዲስ ዳታቤዝ ከመሄዱ በፊት ይለቅ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ያለው ማይኤስኪውኤል፣ ማለትም ከ5.7 ጀምሮ፣ ዜሮ ቀን አልቀበልም ብሎ ሥራውን መሀል ላይ ያቆመዋል። ባለሙያዎ ያኔ ተናዶ ጥብቅነቱን ቢያጠፋው ችግሩ ተሸፋፍኖ ይቀጥላል። እንዲያጠፋው አይፍቀዱለት።

ለወደፊቱ ቀኑ በፈረንጁ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ለሰው ሲታይ ግን በእኛ ይሁን። የዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሳቸው ያውቁታል፣ በጃቫስክሪፕት ጠይቆ ማሳየት ነው፤ ፒኤችፒም አለው። አሮጌው ዳታ ሲቀየር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሁን ዳታቤዝዎ ውስጥ «2010-03-05» ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 5 ቀን 2010 ነው፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 14 ቀን 2017። ነገሩን የማያውቅ ሰው ማርች 2010 ብሎ ያነበዋል። የሱቁ ታሪክ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ ሄደ ማለት ነው።

የጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች ላይ የምነግርዎ ግማሹ ጥሩ፣ ግማሹ መጥፎ ነው። ዳታቤዙ ሲሠራ ላቲን-1 በሚባለው፣ የፈረንጅ ፊደል ብቻ በሚያውቀው አሠራር ተከፍቷል፤ ያኔ ሳይነገረው የሚመርጠው እሱን ነበር። ፊደላችን እዚያ ውስጥ በሁለት መንገድ ይበላሻል። ባለሙያዎ ዳታቤዙን በቀጥታ ከፍቶ «ከበደ» የነበረበትን ይፈልግ። በቦታው ሦስት የጥያቄ ምልክት ካለ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ፣ ያ ስም ጠፍቷል። የሚመልሰው ኮምፒውተር የለም፤ ከዱቤ ደብተሩ ነው የሚገለበጠው። ያሉት ግን ዘጠኝ የተዘበራረቁ የፈረንጅ ምልክቶች ከሆኑ እልል በሉ። አንድ የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚያውቀው አሠራር ሦስት ባይት ይይዛል፣ ሦስት ሦስቱ ተለያይተው ታዩ እንጂ አልጠፉም። ሠንጠረዡ መጀመሪያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 ቢቀየር ስሙ እንደነበረ ይመጣል። የመሀሉን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ከቀየረው ግን የተዘበራረቀው እንደገና ይዘበራረቃል። ለዚህ ነው ግልባጭ ላይ ይሞከር የምለው።

ደኅንነቱን እርስዎም ሊፈትሹት ይችላሉ። የደንበኛ መፈለጊያው ላይ አንዲት ነጠላ የጥቅስ ምልክት ብቻ ጽፈው ይጫኑ። ገጹ በእንግሊዝኛ ስህተት ከደረደረ ሲስተሙ የተጻፈለትን ነገር ሳያጣራ ወደ ዳታቤዙ ይልካል ማለት ነው። ሌባ በዚያው ሳጥን ትእዛዝ ጽፎ የዱቤ መዝገቡን ሊያወጣ ይችላል። ሌባው ሳይመጣም ይሄው ቀዳዳ አገራችን ላይ ሥራ ያውካል። በቁቤ ሚኤሶን ሲጽፉ መሀሉ ላይ ሁዳ አለች፣ ያችው ነጠላ ምልክት። የሚኤሶ ደንበኛ አድራሻውን በኦሮምኛ ቢያስመዘግብ ገጹ ይሰበራል። ሠራተኞችዎ «ሲስተሙ ኦሮምኛ አይወድም» ሲሉ ሰምተው ከሆነ ነገሩ ይሄ ነው፤ የቋንቋው ጥፋት አይደለም። የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ትእዛዞች እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ላይ ጭራሽ ስለተነሱ፣ እነዚያን መስመሮች አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ፣ ለምሳሌ ፒዲኦ ወደሚባለው የዳታቤዝ መገናኛ፣ መቀየር ግዴታ ነው። ሲቀየሩ የሚገባው ቃል ከትእዛዙ ተለይቶ እንዲላክ ከተደረገ ይሄ ቀዳዳ አብሮ ይዘጋል። የሁለት ወሩ ዋና ሥራ ይሄ ነው።

የሠራተኞች ፓስዎርድ ኤምዲ5 በሚባል የድሮ መሸሸጊያ ዘዴ ተቀምጦ ይሆናል፤ ያ ዛሬ በቀላሉ የሚፈታ ነው። ሁሉንም ሰው ፓስዎርድ ቀይሩ ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቀጥሎ ሲገባ ሲስተሙ በድሮው ያረጋግጥና እዚያው በአዲሱ ይተካዋል። አድራሻው አጠገብ ክሮም ደኅንነት የለውም የሚል ከሆነ መረጃው ተመስጥሮ የሚሄድበት ኤችቲቲፒኤስ ይግባለት። ለዚያ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል፤ ከ90 ቀን በላይ ስለማይቆይ በራሱ እንዲታደስ ይደረግ።

የስልኩ ነገር ከሁሉ ይቀላል። ገጹ ስለ ስልክ ምንም ስላልተነገረው ስልኩ ስፋቱን 980 ፒክስል ገደማ አድርጎ ይስለውና ያጨማድደዋል። አንድ መስመር ጨምሮ፣ ሰፋፊዎቹን ሠንጠረዦች ማስተካከል ነው። መጀመሪያ በስልክ የሚያዩት የትኛውን ገጽ ነው? የዱቤውን ከሆነ እሱ ብቻ ይስተካከል። የቀረው ይደርሳል።

እንግዲህ አካሄዱ ይሄ ነው፤ ሲስተሙ እየሠራ ገጽ በገጽ ይተካ። ማርቲን ፋውለር የሚባል የሶፍትዌር ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ይሄን አካሄድ በአውስትራሊያ ጫካ ባየው የሾላ ዘመድ በሆነ ዛፍ ሰየመው። ያ ዛፍ ሌላ ዛፍ አናት ላይ ይበቅላል፣ ሥሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰዳል፣ በመጨረሻ አሮጌው ደርቆ አዲሱ በቦታው ይቆማል። የእርስዎም እንደዚያ ይሁን። መጀመሪያ እንዳለ በአዲሱ ፒኤችፒ ላይ እንዲቆም ብቻ ይደረግ። ከዚያ የዱቤው ገጽ፣ ከዚያ የሪፖርቱ፣ ከዚያ የዕቃ ቆጠራው። አዲሱ ገጽ ለሁለት ሳምንት ከአሮጌው ጎን ይሂድ፣ ማታ ማታ ድምሩ ይታይ። ሳይገጥም አሮጌው አይዘጋ።

ዋናው ለውጥ የሚደረግበትን ቀን ለባለሙያው አይተዉለት፣ እርስዎ ይምረጡ። ሰኔ መጨረሻ አይነካ፣ ሒሳብ መዝጊያ ነው። እሁድ ጥሩ ነው። ትንንሹ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ቤት በሚያስገባበት ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ድሬ ውስጥ ያን ሰዓት መብራት ካለ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሌላ አንድ ነገር፣ ከልቤ ነው የምለው። የሲስተሙ ኮድ፣ የድረ ገጹ አድራሻ ምዝገባና የሰርቨሩ ዋና ፓስዎርድ በእርስዎ እጅ ይሁኑ። በውሉ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው ልጅ አገር ጥሎ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ሄዷል፤ ሁለተኛው ላይ ይሄ እንዳይደገም። ያን ወጣትም አያባርሩት። ይሄን ገጽ ያስነብቡትና የጳጉሜንን ሽያጭ ፈልጎ እንዲያወጣ ይጠይቁት። ካወጣው ሥራውን ይስጡት።

ጥያቄ፦ አቦ እንዴት ነህ? ሐረር ሸዋ በር ነው ያለሁት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ። ጁገል ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የድሮ ዌብሳይት እንዳድስ ተሰጥቶኛል። አማርኛው በድሮ የግዕዝ ፎንት ስለተጻፈ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው ዝብርቅርቅ የፈረንጅ ፊደል ነው። መግቢያው ላይ የነበረውም አኒሜሽን አይከፈትም። ሁሉንም እንደገና ልተይበው? ደግሞስ በየትኛው ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ፣ ልሥራው?
ከሐረር

መልስ፦ ደኅና ነኝ ወንድሜ። አትተይበው።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ፎንት ሠሪዎች ፊደሉን በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የያዘው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ለዚህ ነው ማረፊያው በአማርኛ ሲፈለግ ጉግል ላይ የማይገኘው። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ቦታ አሰጣጣቸው የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ የገጹን ኮድ ከፍተህ የፎንቱን ስም እይ። ለዚያ ፎንት መቀየሪያ ሠንጠረዥ ሠርተህ በስክሪፕት አሳልፈው። ገጹ ላይ እንግሊዝኛ ካለ ለይተህ አውጣው፣ ያለዚያ እንግሊዝኛውም ወደ ግዕዝ ይቀየርብሃል። ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር ላይ ስህተት አይጠፋም። ብታነበው ለሰፈሩ ትልቅ ሰው ጮክ ብለህ አንብበው፤ የበሮቹን ስም፣ የአድባሩን ስም ቢሳሳት እሳቸው ያርሙሃል።

ገጹ ላይ መፈለጊያ ካለ «ሐረር»፣ «ሀረር» እና «ኀረር» አንድ መሆናቸውን ንገረው። ሰው እንደለመደው ነው የሚጽፈው። ስትፈልግ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንዲሁ አድርግ። የሚታየው ጽሑፍ ግን እንደተጻፈ ይቆይ።

አኒሜሽኑ አዶቤ ፍላሽ ይመስለኛል። እሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቆሟል፣ አይመለስም። አንድ ጥሩ የግቢውን ፎቶ አድርግበት፣ እንግዳው የሚፈልገው ማደሪያውን ማየት ነው።

ስለ ፍሬምወርክ፣ አምስት ገጽ ላለው የእንግዳ ማረፊያ ምንም አያስፈልግህም። የድረ ገጽ መሠረታዊ መጻፊያ በሆኑት በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ብቻ ጻፍ። ቀላል ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይ ቶሎ ይከፈታል፤ ፎቶዎቹን ግን ሳታሳንሳቸው እንዳትጭን።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ያለው ሲስተም ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውጭ አይከፈትም፣ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ እሱ የለም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተሰልፈን እየሠራን ነው።
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

መልስ፦ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ነው የቆመው፤ ሰኔ ያልኩት የፈረንጁን ጁን ነው። ግን ማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ የሚባል አለ፤ ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚቆይ ኩባንያው አሳውቋል። የአይቲ ሠራተኛችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይፍቀደውና የሲስተሙን አድራሻ ይመዝግበው። ነገ ጠዋት ሰልፉ ይቀራል። በዚያው ግን ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ሲስተሙ መታደስ አለበት፣ የተገኘው ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለውንም ዳታ ዛሬውኑ ገልብጡት፣ ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን አይነሳም።